ካርቶን ላይ ቀንና ባች ለመጻፍ ማህተም፣ ስቲከር ወይስ ፕሪንተር?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልደታ አካባቢ አነስተኛ ብስኩት ማምረቻ አላችሁ። በቀን ከ300 እስከ 400 ካርቶን ታወጣላችሁ። የምርት ቀንና ባች ቁጥር (በአንድ ዙር የተመረተው መለያ) የምትመቱት በማህተም ነው። አከፋፋዩ «አይነበብም» ብሎ አንድ ጭነት መለሰባችሁ። አሁን አንዱ ሻጭ ኮንቬየር (ካርቶኑን የሚያንቀሳቅስ ቀበቶ) ላይ የሚገጠም ፕሪንተር ግዙ ይላችኋል፣ ሌላው ደግሞ ስቲከር ይበቃችኋል ይላል።

እኔ 9 ዓመት ማሸጊያ ክፍል ሠርቻለሁ። አሁን መርካቶ መጋዘን ነው የምይዘው። ካርቶኑን ሲወጣም ሲገባም አይቼዋለሁ ማለት ነው። ሐሳቤን ባጭሩ ልንገርሽ። ኮንቬየሩን ለጊዜው ተዪው፣ በእጅ የሚያዘውን ፕሪንተር ግዢ። ግን ማሽን ከመምረጥሽ በፊት ጽሑፉን ማን፣ የት ቆሞ እንደሚያነበው እዪ።

እዚህ እኛ መጋዘን ካርቶን እስከ ጣሪያው ይደረደራል። መተላለፊያው አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ነው። ልጁ የስልኩን መብራት አብርቶ፣ አንገቱን አጣሞ ነው ባች የሚፈልገው። ክዳኑ ላይ የተጻፈ ነገር ከሌላ ካርቶን ሥር ስለሚገባ እንደሌለ ቁጠሪው። አንድ ጎን ላይ ብቻ ከጻፋችሁ ደግሞ ወዛደሩ ያን ጎን ወደ ግድግዳ ያዞረዋል፤ ሁሌም እንደዚያ ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊቶች ላይ ጻፉ፣ አንዱ አጭሩ፣ አንዱ ረጅሙ። አከፋፋይሽ «አይነበብም» ሲል ቀለሙን ይሁን ቦታውን ጠይቂው። ቦታው ከሆነ ያላችሁ ማህተምም ይበቃችሁ ይሆናል።

ማህተም ርካሽ ነው፣ መብራት አይፈልግም። ችግሩ ከሥሩ ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። የታሸገ ካርቶን ጎኑ ወደ ውስጥ ይረግባል፣ መሃሉ ሳይነካ ጠርዙ ብቻ ይታተማል። «ሳይታጠፍ ጠረጴዛ ላይ እንምታው» ትያለሽ። እኛም ብለናል። ማታ ላይ 60 የተመታ ካርቶን ተረፈ፣ ጠዋት የገባው ፈረቃ ትናንት ቀን የተመታበትን አጥፎ የዛሬውን ምርት አሸገበት። ማንም ልብ አላለም። ከዚያ ወዲህ ሳይሞላ የሚመታ ካርቶን ሳይ ይጨንቀኛል።

ስቲከር ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ዓይነት መሆኑን ሻጩ አይነግርሽም። በሙቀት ብቻ የሚጻፈው፣ እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ፣ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይደበዝዛል። ሪበን፣ ማለትም ቀለም የተቀባ ጥቅል፣ ያለው ይቆያል። ሌላው ነገር አቧራ ነው። ከወዳደቀ ወረቀት የተሠራ ካርቶን ዱቄት አለው፣ ሙጫው ዱቄቱን ይዞ ይላቀቃል። ክረምት ላይ ከአይሱዙ ሲወርድ ዝናብ ከነካው ደግሞ ስቲከሩን መሬት ላይ ነው የምታገኚው። እና ስቲከር ይላጣል። ተልጦ በሌላ ቀን የተተካ አይቻለሁ። ምግብ ለሚሸጥ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በእጅ የሚያዘው ፕሪንተር እንደ ካውያ ነው፣ ጎኑ ላይ ትጎትቺዋለሽ፣ ይጽፋል። በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ቢሄድም ሥራ አይቆምም። ብዙዎቹ ከፍታው 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ጽሑፍ ነው የሚጽፉት። ለቀንና ለባች በቂ ነው። የሚጎትተው ሰው እጁ ካልለመደ ጽሑፉ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ በሳምንት ይስተካከላል።

ዋናው ቀለሙ ነው። ተራ ቡናማ ካርቶን ውሃ ይጠጣል፣ ስለዚህ በውሃ የተሠራ ቀለም ይይዝበታል። አንጸባራቂ ሽፋን ያለው ካርቶን ግን አይጠጣም። ሶልቨንት (ቶሎ የሚተን ፈሳሽ) ያለው፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ይፈልጋል። አሳሳቹ ነገር ካርቶን ላይ ቶሎ የሚደርቀው ቀለም ኖዝሉም (ቀለም የሚረጨው ቀዳዳ) ላይ ቶሎ መድረቁ ነው። ልጁ የኖዝሉን ክዳን ሳይገጥም ምሳ ከወጣ፣ ሲመለስ በጽሑፉ መሃል ነጭ መስመር ያገኛል። ሻጩ ቢሮ ውስጥ ነጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሲያሳይሽ አትታለይ። የራስሽን ካርቶን ይዘሽ ሂጂ፣ ያጻፊ፣ አስር ቆጥረሽ አውራ ጣትሽን ምራቅ አስነክተሽ ፈትጊው። ጣትሽ ከጠቆረ ቀለሙ የአንቺ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳውን ልንገርሽ። ማሽኑ ጳጉሜን አያውቅም። ቀኑን ራሱ እንዲጽፍ ከተውሽው የፈረንጅ ቀን ነው የሚያወጣው። የእኛን ስትፈልጊ ማሽኑ ላይ ራስሽ ማስገባት አለብሽ፣ 13ኛ ወር ሲመጣ ደግሞ የቀን ቦታው ላይ አልቀበልም ይላል። አንድ ጳጉሜ የፈረቃ ኃላፊያችን ጨንቆት ወደ ፈረንጅ ቀየረው። ግማሹ ጭነት 2017፣ ግማሹ 2025 የሚል ሆኖ ወጣ። ገዢው ደውሎ «ይሄንን ከወደፊት ነው የላካችሁልን?» አለኝ። መፍትሔው ቀላል ነው። ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ጻፉት፣ 03/13/2017 ማለት ነው፣ ከጎኑ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይኑር። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን ካርቶን ሁለት ሰው ይይ።

የአማርኛ ፊደልም በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ የለም፣ እንደ ሥዕል ነው የሚጫነው። ስለዚህ የማይለወጠውን ነገር ሁሉ፣ ስም፣ ክብደት፣ የጃንጥላውና የቀስቱ ምልክት፣ ካርቶን ፋብሪካው ቀድሞ ያትምልሽ። ለቀንና ለባች ባዶ ቦታ ያስቀሩልሽ። ክሊሼ፣ ማለትም የማተሚያውን ቅርጽ፣ አንዴ ታስወጫለሽ፣ ከዚያ ያለቀለት ነው። ከምናለሽ ተራ ያገለገለ ካርቶን የምትገዙ ከሆነ ግን አቁሙ፣ የሌላ ሰው ባች ያለበት ካርቶን ላይ የትኛውም ማሽን አያድናችሁም።

ባርኮድ የሚጠይቅ ደንበኛ ከመጣ ጉዳዩ ይለወጣል። ካርቶን ላይ የሚታተመው ባለ 14 አኃዝ ባርኮድ በደረጃው መሠረት ቁመቱ ወደ 32 ሚሊ ሜትር ነው፣ ያ ትንሽ ማሽን አይደርስበትም። ያን ጊዜ ቀድሞ ማሳተም ወይም ባለ ሪበን ስቲከር ይሻላል። በቀይ ቀለም ብቻ እንዳታሳትሚው፣ የስካነሩ ብርሃን ቀይ ስለሆነ ቀዩን መስመር አያየውም።

ኮንቬየር ላይ የሚገጠመው ፕሪንተር ደግሞ ካርቶኑ መምጣቱን የሚያይ ሴንሰር፣ የማይዋዥቅ ፍጥነትና ካርቶኑን ቀጥ አድርጎ የሚመራ ሐዲድ ይፈልጋል። በቀን 400 ካርቶን አንድ ልጅ በእጁ ይጨርሰዋል። ሌዘርም ይሉሻል፣ ቡናማ ካርቶን ላይ ደብዛዛ ነው።

ከመክፈልሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ። ካርትሪጁ (የቀለሙ መያዣ) ላይ ቺፕ አለ ወይ? ካለ፣ ማሽኑ የሻጩን ካርትሪጅ ብቻ ነው የሚቀበለው። ሻጩ ዶላር አጥቶ ካላስገባ ማሽንሽ ጌጥ ሆኖ ይቀመጣል። ካርትሪጁ የመጠቀሚያ ጊዜ ስላለው ደግሞ የዓመት ልግዛ አትበይ።

ካርቶናችሁ ተራ ቡናማ ነው ወይስ አንጸባራቂ? እሱን ጻፊልኝና የትኛውን ቀለም እንደምትጠይቂ እነግርሻለሁ።