ወርቁ ነው ያለቀው ወይስ እንጨቱ?

ጥያቄ፦ ሜልበርን የሚኖረው የእህቴ ልጅ ዋልሃላ የምትባል ቦታ ሄዶ የተነሳውን ፎቶ ላከልኝ። ሸለቆ ውስጥ ጥቂት ቤቶች ይታያሉ፣ የቀረው ጫካ ነው። «ድሮ የወርቅ ከተማ ነበረች» ይለኛል። እንዲህ ወና የሆነችው ወርቁ አልቆባት ነው?
(ከሱሉልታ)

መልስ፦ ወርቁም እየጠለቀና እያስቸገረ ሄዷል። እኔን የሚቆጨኝ ግን የእንጨቱ ነገር ነው።

ኔድ ስትሪንገርና ጓደኞቹ እዚያ ወርቅ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1862 መገባደጃ ነው። እሱ ሳያልፍለት በዓመቱ ሞተ፤ ከተማዋ ግን ከ2,000 በላይ ሰው ሰፈረባት። ሎንግ ተነል ከሚባለው ጉድጓድ ብቻ ከ13 ቶን በላይ ወርቅ ወጥቷል። ይህ ከወንዝ አሸዋ ታጥቦ የሚለቀም ወርቅ አይደለም፣ አለት ውስጥ ያለ ነው። አለቱን ለማውጣትና ለመፍጨት፣ ጉድጓዱ ውስጥ የሚሞላውን ውሃ ለመሳብ በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን ያስፈልጋል። ማሽኑ ደግሞ ቀን ከሌት ማገዶ ይበላል። በዙሪያዋ ያለው ተራራ ሁሉ ተመለጠ፤ እንጨት ከሩቅ መምጣት ሲጀምር ወጪው ናረ። ሎንግ ተነል በ1914 ተዘጋ። ባቡር የገባላት ገና በ1910 ነበር፤ ብዙ ሰው ቤቱን ነቅሎ በዚያው ባቡር ጭኖ ሄደ። የመብራት መስመር የደረሳት በ1998 ነው። ዛሬ ነዋሪዋ 20 ቢሆን ነው።

እኛም ለጥቂት ነው የተረፍነው። አፄ ምኒልክ ማገዶ ቢጠፋ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያቆያት ባህር ዛፍ ነው፤ ነጩ ባህር ዛፍ ደግሞ አገሩ ያው ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ ነው። እናቴ ከእንጦጦ ቅጠል እየተሸከመች ሽሮ ሜዳ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። ማታ ነጠላዋን ስታወርድ ገመዱ ትከሻዋ ላይ የቀደደው መስመር ቀልቶ ይታይ ነበር፤ ቅቤ የምቀባት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የማገዶን ዋጋ ሲያነሱብኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ፎቶው ላይ ያዩት ጫካ ሰዉ ከሄደ በኋላ እንደገና የበቀለ ነው። የእህትዎ ልጅ ተመልሶ ከሄደ አንዱን ግንድ ቀረብ ብሎ እንዲያነሳልዎ ይንገሩት። ያንን የምናውቀውን ተልጦ የሚንጠለጠል ቅርፊት ሳያዩ አይቀሩም።