ከመሸ በኋላ ቪየና ላይ የት ይኬዳል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ቪየና ምሽት ናቸው። መልሱን የምጽፈው እዚሁ ከተማ 11 ዓመት የኖርኩት እኔ ነኝ። ሰዓት የምጠራው በሙሉ በኛ አቆጣጠር ነው፣ ቲኬት ላይ 19፡00 የሚል ካያችሁ ምሽት 1 ሰዓት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ግንቦት ላይ ለ2 ሳምንት ስልጠና ቪየና የተባበሩት መንግስታት ግቢ ልሄድ ነው፣ ስልጠናው 11 ሰዓት ላይ ያልቃል ብለውኛል። አምና የሄደው ባልደረባዬ ግን "ሱቅ በጊዜ ይዘጋል፣ ከተማው ጭር ይላል፣ ሆቴል ቁጭ ብዬ ዩቲዩብ ሳይ ነው የከረምኩት" አለኝ። እውነት ነው እንዴ? አበሌን ሳልጨርስ ምን ላይ እችላለሁ?
ኢንጂነሩ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባልደረባህ ስለ ሱቁ ያለህ ልክ ነው። አብዛኛው ሱፐርማርኬት ምሽት 2 ሰዓት አካባቢ ይዘጋል፣ ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ፣ እሁድማ ትልልቅ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ካሉት ጥቂቶች በቀር የሚከፍት የለም። ስለዚህ ዳቦህን በጊዜ ግዛ። ውሃ ግን አትግዛ፣ የቧንቧው ውሃ ከተራራ ምንጭ የሚመጣ ነው፣ ቀድተህ ጠጣ።

ከተማው ጭር ይላል ያለውን ግን አልቀበልም። ሰው ከገበያው መንገድ ላይ ስለጠፋ የተኛ መስሎት ነው እንጂ ሰዉ ወንዝ ዳር ወርዷል፣ ቲያትር ገብቷል፣ ወይን ቤት ግቢ ውስጥ ዛፍ ስር ተቀምጧል። ለስልጠና መጥተው 2 ሳምንት ሙሉ ሆቴላቸው ውስጥ ኢንዶሚ እየቀቀሉ የተመለሱ ወገኖች ስንቱን አይቻለሁ፣ አበል ለማትረፍ ነው፣ ይገባኛል፣ ቤተሰብ የሚጠብቀው ሰው ነው፣ ግን የዚህ ከተማ ምሽት ደህና ደህናው ነገር ነፃ ወይ በጣም ርካሽ መሆኑን የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነው የሚቆጨኝ።

የመጀመሪያ ቀን ከግቢው ስትወጣ ኡ1 በሚባለው ሜትሮ ወደ መሀል ከተማ አቅጣጫ አንድ ፌርማታ ብቻ ሂድና ዶናውኢንዝል ላይ ውረድ። ዳኑብ ላይ ጎርፍ እንዳያስቸግር አዲስ ቦይ ሲቆፍሩ በወጣው አፈር የሰሩት ደሴት ነው፣ ርዝመቱ 21 ኪሎሜትር። ግንቦት ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ምሽት 2፡30 አካባቢ ስለሆነ ከስልጠና በኋላ ገና 3 ሰዓት ያህል ብርሃን አለህ ማለት ነው፣ ሰዉም ከስራ ወጥቶ ጫማውን አውልቆ ሳር ላይ ተጋድሟል፣ ሳይክል ይነዳል፣ ደፋሩ ይዋኛል፣ ከፈለክ አንድ ሳንድዊች ይዘህ ቁጭ በል፣ የሚያስከፍልህ የለም። ከተማውን ከላይ ማየት ካማረህ ደግሞ ከግቢያችሁ አጠገብ ዶናውቱርም አለ፣ 1964 ላይ የተከፈተ 252 ሜትር ማማ ነው፣ እሱ ይከፈልበታል።

ሌላ ቀን፣ እኔ ለማንም ሳልነግር የማልቀረው፣ ኦፔራ ግባ። "ኦፔራ ለኔ ምኔ ነው" እንዳትል። ሽታትስኦፐር የሚሉት የመንግስት ኦፔራ ቤት 1869 ላይ የተከፈተ ነው፣ 1945 በቦምብ ተቃጥሎ ከ10 ዓመት በኋላ ነው ታድሶ የተከፈተው፣ ወንበር ላይ ልቀመጥ ካልክ ዋጋው ያስደነግጣል፣ የመቆሚያ ቲኬት ግን ከ20 ዩሮ በታች ነው። የዕለቱ ቲኬት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ኦንላይን ይለቀቃል፣ የተረፈውን ደግሞ ትርኢቱ ሊጀምር 80 ደቂቃ ሲቀረው እዛው ይሸጡታል፣ ትንሽ ቀደም ብለህ ተሰለፍ። ስትገባ ሰዉ ሻርፑን ከፊቱ ያለው መደገፊያ ላይ ሲያስር ታያለህ። ቦታ መያዣ ነው፣ አንዴ ከታሰረ ማንም አይነካውም፣ ወጥተህ ውሃ ጠጥተህ ትመለሳለህ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሻርፕ አልነበረኝም፣ አጠገቤ የቆሙ አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ከቦርሳቸው መሀረብ አውጥተው ቋጠሩልኝ፣ ከዛ ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ትርፍ ሻርፕ አይጠፋም። ፊት ለፊትህ ትንሽ ስክሪን አለች፣ የሚዘፈነውን በእንግሊዝኛ ታስነብብሃለች። ሙሉ ልብስ ግዴታ አይደለም፣ ቁምጣ ብቻ አታድርግ። እግርህ ከዛለ እረፍት ላይ ውጣ፣ ማንም አይቀየምህም።

አንድ ነገር ግን በጣም ተጠንቀቅ። ጀርመንኛ ላይ "ሀልብ አኽት" ካሉህ ቃል በቃል ግማሽ ስምንት ነው፣ በፈረንጅ ሰዓት ሰባት ተኩል ማለት እንጂ ስምንት ተኩል ማለት አይደለም። ጓደኛዬ እንዲህ ብሎ ቀጥሮኝ 1 ሰዓት ሙሉ ዘግይቼ ደረስኩ፣ ከጀመረ በኋላ ደግሞ አያስገቡም፣ እረፍት እስኪሆን ውጪ ቆምኩ፣ ያ ያመለጠኝ ክፍል ዛሬም ይቆጨኛል።

በተረፈ መንገድ ላይ ነጭ ዊግና ረጅም ቀይ ካባ አድርገው "ሞዛርት ኮንሰርት" እያሉ የሚያስቆሙህ ሰዎች ኮሚሽን የሚሰሩ ቲኬት ሻጮች ናቸው፣ የሚሸጡልህ የኦፔራ ቤቱን ትርኢት ሳይሆን ለቱሪስት የሚዘጋጅ ሌላ ኮንሰርት ነው። አመስግነህ እለፍ።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ ልጆቼ። ልጄ ወልዳ ልጠይቃት ቪየና መጥቼ 3 ወር ልቆይ ነው። አማቼ ማታ ማታ ነው ስራው፣ ልጄም ቤት ውስጥ ታፍና ልትሞት ነው፣ እኔም ቋንቋ አልችል። ፀሐዩ እስከ 3 ሰዓት አይጠልቅም፣ ህፃን ይዘን በጋሪ የምንሄድበት ይኖር ይሆን?
የልጅ ልጅ ያየች እናት

መልስ፦ እማማ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ጥሩ ጊዜ ነው የመጡት። ጁላይና ኦገስት ላይ ራትሀውስ በሚሉት የከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ሰፊ አደባባይ ላይ ትልቅ ስክሪን ይተክላሉ፣ ሲጨልም ሙዚቃና ባሌት በየቀኑ ያሳያሉ፣ ከ1991 ጀምሮ እንዲህ ነው፣ የመግቢያ ክፍያ የለውም፣ ወንበርም ተደርድሯል። ሙዚቃ ስለሆነ ቋንቋ አያስፈልግዎትም። ከአደባባዩ ጎን የየአገሩ ምግብ ይሸጣል፣ ቤተሰብ ህፃናቱን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ጋሪ ይዤ ሰው አስቸገርኩ ብለው እንዳያስቡ። ከጀመረ በኋላ ሲመጡ መሀል ለመግባት ያስቸግራል፣ ስለዚህ ገና ብርሃን ሳለ 1፡30 ላይ ሄደው ጥግ ላይ ቢይዙ ህፃኑ ሲያለቅስም ቶሎ ይወጣሉ።

ኦፔራው ከተከፈተበት ወቅት ጋር ከገጠመልዎ ደግሞ ጁን ላይና ሴፕቴምበር ላይ ውስጥ የሚታየውን ትርኢት ህንፃው ግድግዳ ላይ ባለ ስክሪን ለመንገደኛው በቀጥታ የሚያሳዩበት ምሽት አለ፣ እሱም ነፃ ነው። ሽቴፋንስዶም የሚባለው ትልቁ ካቴድራል እስከ ምሽት 4 ሰዓት ክፍት ነው፣ የካቶሊክ ነው ግን ገብተው ትንሽ አረፍ ማለት ይችላሉ። ልጅዎ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ስትጫወቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ድምፅ መቀነስ እንዳለበት ታውቃለች፣ እንግዳ ሲበዛ እልልታው ለጎረቤት ይሰማል፣ ፖሊስ የሚጠራም አለ፣ ክርስትናውን ቀን ላይ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነኝ፣ ከባለቤቴ ጋር አዲስ አበባ ስንሄድ ቪየና ላይ አንድ ሌሊት እናድራለን። አንድ ምሽት ብቻ ነው ያለን፣ እኔ ወይን እጠጣለሁ እሷ አልኮል አትቀምስም። መሀል ከተማውን እንዙር ወይስ ሌላ ነገር አለ?

መልስ፦ አንድ ምሽት ብቻ ከሆነ መሀል ከተማውን ተዉት። ኦፔራው አጠገብ ዲ የሚባለውን ትራም ያዙና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ኑስዶርፍ ድረስ ሂዱ፣ መንገድ ላይ ፓርላማውን፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ ቡርግቲያትርን በመስኮት ታያላችሁ፣ ዙረቱ በዛው አለቀ። እዛ ሆይሪገር የሚባሉ የወይን ቤቶች አሉ። ቪየና ከተማው ክልል ውስጥ ከ500 ሄክታር በላይ የወይን እርሻ ያለባት ከተማ ናት፣ ገበሬው የራሱን ወይን ራሱ ግቢ ውስጥ እንዲሸጥ ንጉሰ ነገስት ዮሴፍ 2ኛ 1784 ላይ ፈቀደ፣ እስከዛሬ ያ ነው የቀጠለው። የሚሸጥ ካለ በሩ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ ይሰቅላሉ። እኔ መጀመሪያ ሳየው ልቤ ቀጥ ነው ያለው፣ እኛ ጋ ጠላ ቤት በር ላይ እንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቶ እንደሚቆመው ማለት ነው፣ ቅርንጫፉ ከሌለ የዛን ቀን የለም፣ ትመለሳለህ።

ገብታችሁ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ላይ ከማታውቁት ሰው ጎን መቀመጥ ነውር አይደለም። ወይኑን አስተናጋጅ ያመጣል፣ ምግቡን ግን ራሳችሁ ውስጥ ገብታችሁ ከባንኮኒ ትመርጣላችሁ፣ ብዙ ቦታ በኪሎ ይመዝኑታል፣ ሳህኑን ስትሞሉ ሂሳቡን አስቡ። ለባለቤትህ "ትራውበንዛፍት" በል፣ የወይን ጭማቂ ነው፣ እዛው ካለው ወይን የሚጨመቅ ስለሆነ እሷ ተጎዳሁ አትልም። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ካርድ የማይቀበል ቤት አለ። ስትከፍሉ "አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ" ብለው ይጠይቃሉ፣ እዚህ አገር ለየብቻ መክፈል ማንንም አያስቀይምም። ጉርሻውን ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ አትነሱ፣ ስትከፍሉ ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት ጨምራችሁ ድምሩን ንገሩት።

ጥያቄ፦ 4 ወንዶች ሆነን ከፍራንክፈርት መጥተን ባለፈው ቪየና አንድ ክለብ በር ላይ "ዛሬ የተጋበዘ ብቻ ነው" ብለው መለሱን፣ ከኛ ኋላ የነበሩትን ግን አስገቧቸው። በጣም ነው ያዘንነው። ድጋሚ ልንመጣ ነው፣ የት እንሂድ?

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ያማል፣ እኔም ደርሶብኛል። መጀመሪያ ይሄን እወቁ፣ ኦስትሪያ ውስጥ በዘር ምክንያት አገልግሎት መከልከል በህግ የተከለከለ ነው። ዛራ የሚባል ከ1999 ጀምሮ ዘረኝነት ላይ የሚሰራ ድርጅት ቪየና ውስጥ አለ፣ በነፃ ያማክራል፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና በር ላይ የተባላችሁትን ወዲያው ስልካችሁ ላይ ፃፉና ላኩላቸው። "ምን ለውጥ ያመጣል" ብለን ዝም ስንል ነው የሚለመደው።

ለመግባቱ ደግሞ ኦንላይን ቲኬት ቀድማችሁ ግዙ፣ መታወቂያ ያዙ፣ በተቻለ ሴት ጓደኞቻችሁም አብረው ይምጡ፣ 4 ወንድ ብቻውን ሲመጣ ነጩንም ይመልሱታል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ክለብ ባዶ ነው፣ ምሽቱን ዶናውካናል የሚባለው ቦይ ዳር ጀምሩት፣ ግድግዳው ከጫፍ ጫፍ ግራፊቲ ነው፣ ወጣቱ ቢራውን ይዞ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ይላል። ፍሌክስ የሚባለውም ክለብ እዛው ቦዩ ዳር ነው። ለኔ ግን ቀጥታ ሙዚቃ ይበልጣል። ጃዝላንድ አለ፣ ከ1972 ጀምሮ ሩፕሬክት ቤተክርስቲያን ስር ምድር ቤት ውስጥ የሚሰራ፣ ጠባብ፣ ጡብ በጡብ የሆነ ቤት፣ ሳክስፎኑ ደረታችሁ ላይ ነው የሚነፋው። ፖርጊ ኤንድ ቤስ ደግሞ ሰፋ ያለ ነው፣ በኛ ጃዝ ያደገ ጆሮ ያላችሁ ልጆች ቤታችሁ ይመስላችኋል።

አርብና ቅዳሜ ሜትሮው ሌሊቱን ሙሉ ይሰራል፣ በሌላው ቀን ከ6፡30 እስከ ንጋት 11 ሰዓት ስማቸው በኤን የሚጀምር የሌሊት አውቶቡሶች አሉ። ቲኬቱን ማሽኑ ውስጥ አስገብታችሁ ማስመታት እንዳትረሱ፣ ቅጣቱ ከ100 ዩሮ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምመጣው፣ ማታ መንቀሳቀስ ያስፈራል? ደግሞ ፆም ላይ ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ብቻዬን በሜትሮ ቤቴ ገብቻለሁ፣ ብዙ ጊዜ። ፕራተርሽተርን ጣቢያ አካባቢ ሰካራም ያስቸግር ነበር፣ 2018 ላይ እዛ አልኮል መጠጣት ከለከሉ፣ አሁን ተሻሽሏል፣ ቢሆንም ሲመሽ እዛ አትቁሚ፣ ቀጥታ እለፊ። የፖሊስ ስልክ 133 ነው። ለፆሙ ስዊንግ ኪችን የሚባል ሙሉ በሙሉ የፆም በርገር ቤት ከተማው ውስጥ አለ፣ ናሽማርክት የሚባለው ገበያ ደግሞ ፈላፍል አለ፣ ሁሙስ አለ። ሌሊት መንገድ ዳር ያሉት የቋሊማ ኪዮስኮች ውስጥ ግን የሚፆም ሰው የሚበላው ብዙ ጊዜ ሰናፍጩና ዳቦው ብቻ ነው፣ ቋሊማው አብዛኛው አሳማ ስለሆነ ሙስሊም እህት ወንድሞቻችንም ይሄን ይወቁ። ሀሙስ ከሆነ የምትደርሺው የኪነጥበብ ታሪክ ሙዚየሙ እስከ ምሽት 3 ሰዓት ክፍት ነው፣ ቀን ላይ የሚጋፋው ቱሪስት ሄዶ አዳራሹ ላንቺ ብቻ የተከፈተ ይመስልሻል፣ እዛ ሂጂ።