የአያቴን ቀልሃ ባሩድ ልሙላበት?

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት ውጅግራ አለኝ፤ ፈቃድ አለው። አንድ ቁና የሚሆን ባዶ ቀልሃም አብሮ አለ። ውጭ አገር ሰዎች ቤታቸው ቁጭ ብለው ጥይት ሲሞሉ በቪዲዮ አየሁና አማረኝ። ከምን ልጀምር? (ከጎንደር፣ አዘዞ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመተው ጀምር። የያዝከው ፈቃድ ለመያዝ እንጂ ለመሥራት አይደለም። ለሁለቱም የየራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አንብበው።

ሕጉን እንተወውና መሣሪያውን እንይ። ውጅግራ እ.ኤ.አ. የ1874 የፈረንሳይ ሥሪት ነው፣ አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር፤ የተሠራው ብዙ ለሚያጨሰው ለጥንቱ ጥቁር ባሩድ ነው። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ በዚያው ልክ ቢሞላበት ግፊቱ እጅግ ይበልጣል፣ መዝጊያውን ደግሞ አንቆ የሚይዘው የእጀታው ሥር ብቻ ስለሆነ፣ ሲለቅ የሚመጣው ወደ ፊትህ ነው። አድዋ ላይ አገልግሏል፣ ይብቃው!

ቀልሃውንም ገልብጠህ እየው። በቪዲዮ ያየኸው መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ያረጀችውን ቆብ (ተመትታ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን) በመርፌ ገፍተው የሚያወጧት በዚያ ነው። ብዙዎቹ የድሮ የአውሮፓ ጦር ቀልሃዎች ግን በጎንና በጎን ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳ ስላላቸው በዚያ መርፌ አይሆኑም። ናሱም አርጅቷል፤ አንገቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታያለህ።

ከመሃላቸው ያልተተኮሰ ካገኘህ በመዶሻ እንዳትነካካው፣ ለፖሊስ አሳውቅ። ባዶዎቹን በጨርቅ ወልውለህ መደርደሪያ ላይ ደርድራቸው። ለልጆችህም አንዱን ስጣቸው፤ አፉ ላይ ሲነፉበት ያፏጫል፣ እኛ እንዲያ ነበር የምንጫወተው።