መልስ፦ የኦኛቴና የሳልዲቫር ዝምድና በኒው ሜክሲኮ

የሁለቱ ቤተሰቦች ስም በኒው ሜክሲኮ ታሪክ ውስጥ እየተደጋገመ የሚመጣው በአጋጣሚ ነው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ አይደለም፤ የነገሩ ሥር እ.ኤ.አ. በ1546 የብር ማዕድን በተገኘባት በሜክሲኮዋ ከተማ በሳካቴካስ ነው። ከከተማዋ መሥራቾች አንዱ የነበረው የክሪስቶባል ዴ ኦኛቴ ልጅ ሁዋን የሌላውን መሥራች የሁዋን ዴ ቶሎሳን ልጅ ኢሳቤልን አገባ። ኢሳቤል በእናቷ በኩል ሜክሲኮን ድል አድርጎ የያዘው ስፔናዊ ኤርናን ኮርቴስ አያቷ፣ የአዝቴኮች ንጉሥ ሞክቴዙማ ደግሞ ቅድመ አያቷ ስለነበሩ፣ ድል አድራጊውና ድል የተነሣው በአንድ ቤት ዘር ተገናኝተዋል።

ሁዋን ዴ ኦኛቴ በ1598 ሰፋሪዎችን እየመራ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኒው ሜክሲኮ የዘመተው በአብዛኛው በራሱ ወጪ ነበር። በእኔ አመለካከት ቁልፉ ይህ ነው፤ ገንዘቡን ያወጣው ቤተሰብ ሥልጣኑንም ለዘመዶቹ አደለ። የሥጋ ዘመዱ ሁዋን ዴ ሳልዲቫር በዚያው ዓመት መጨረሻ በአገሬው ተወላጆች መንደር በአኮማ ሲገደል፣ በጥር 1599 አኮማን ወግቶ ያወደመውና በመቶዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎቿን የፈጀው ጦር መሪ የሟቹ ወንድም ቪሴንቴ ነበር፤ እርሱም የኦኛቴን ልጅ ማሪያን አግብቷል።

ተራ ሰፋሪዎችም ቢሆኑ ቁጥራቸው ጥቂት ስለነበር እርስ በርስ መጋባታቸው አልቀረም። ቤተ ክርስቲያን እስከ አራተኛ ደረጃ፣ ማለትም እስከ ቅድመ አያት ወላጅ ድረስ የሚቆጠረውን የሥጋ ዝምድና ትከለክል ስለነበር ተጋቢዎቹ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ፣ ምስክሮችም በመሐላ የሚያውቁትን መናገር ነበረባቸው፤ ዛሬ የዘር ሐረግ አጥኚዎች አብዝተው የሚመረምሩት ይህ ሁሉ የሰፈረበትን የጋብቻ መዝገብ ነው።