ስለ መሳሳብና ስለ ትዳር፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ባለፈው ሳምንት «ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ሰው ከሰው ስለሚሳሳብበት ነገር የሚከነክናችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ስነ ልቦና ተምሬ ባለትዳሮችን በማማከር ነው የምውለው። የምመልሰውም ጥናቶች ከሚሉትና በየቀኑ ከምሰማው ነው። የጠቀስኳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የጠያቂዎችን ማንነት የሚያሳውቅ ነገር አስቀርቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን የሆነ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ስንተላለፍ «ሰላም ነው?» ከመባባል አላለፍንም። መልኩንም ልብ ብዬው አላውቅም። አሁን ድምፁን ስሰማ ልቤ ይመታል። ምን ነክቶኝ ነው?

መልስ፦ ምንም አልነካሽም እህቴ። ድንገት የመጣ መሰለሽ እንጂ ሁለት ዓመት ሲጠራቀም የቆየ ነው።

ሊዮን ፌስቲንገርና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተሙት አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ቦታው በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ያገቡ ተማሪዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ነዋሪዎቹ ቤቱን መርጠው አልገቡም፤ በደረሳቸው ነው የገቡት። «ብዙ ጊዜ አብራችሁ የምታሳልፉት ከማን ጋር ነው?» ተብለው ሲጠየቁ፣ በአንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ከሚኖሩት 41 በመቶው እንደ ወዳጅ ተጠሩ። አንድ በር መሀል ሲገባ ወደ 22 በመቶ ወረደ፤ ከኮሪደሩ ጫፍና ጫፍ ለሚኖሩት 10 በመቶ ብቻ ሆነ። ከበር እስከ በር ያለው ርቀት እኮ ስድስት ሜትር ገደማ ነው! ከደረጃው ሥር የሚኖሩት ደግሞ ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ጋር ከሌሎቹ ይበልጥ ወዳጅ ሆነው ተገኙ፤ ወጪ ወራጁ በበራቸው ስለሚያልፍ ነው።

ዓይን የለመደውን ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ሌላ ጥናት መልካቸው ተቀራራቢ የሆኑ አራት ሴቶች በአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ተማሪ መስለው እንዲገቡ ተደረገ። አንዷ ጭራሽ አልገባችም፤ ሌሎቹ 5፣ 10 እና 15 ጊዜ ገቡ። ከማንም ጋር አላወሩም። በመጨረሻ ተማሪዎቹ ፎቷቸውን አይተው ሲመዝኑ፣ ብዙ ጊዜ የገባችዋ ይበልጥ ተወደደች።

መቅረብ ግን ሁልጊዜ ፍቅር አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ በኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች አምርረው የሚጠሉትም ያው ቅርባቸው ያለውን ነው፤ ሙዚቃ የሚያስጮኸውን፣ ቆሻሻ በር ላይ የሚተወውን። አንቺ ዘንድ ያለው ግን ሁለት ዓመት የከረመ መልካም ሰላምታ ነው። ነገ ስትገናኙ ሰላምታዋን ትንሽ አስረዝሚያት። መልሶ ይጠይቅሽ እንደሆነም ልብ በይ።

ጥያቄ፦ ተቃራኒ ጠባይ ያላቸው ሰዎች ናቸው የሚሳሳቡት የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ባብዛኛው አይደለም። በእምነት፣ በኑሮ ግብ፣ በገንዘብ አያያዝ የሚመሳሰሉ ናቸው የሚቀራረቡት። ተናጋሪና ዝምተኛ ሰምረው ሲኖሩ የምናያቸው ሰዎችም ውስጣቸው ሲፈተሽ በዋና ዋናው ነገር አንድ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቆንጆ አይደለሁም። ይህን የምለው እንድታጽናኚኝ አይደለም፣ አውቀዋለሁ። ከጓደኞቼ ጋር ስሆን የሚያየኝ የለም። ለእኔ ዓይነቷ ተስፋ አለ?

መልስ፦ በግልጽ ስለጠየቅሽኝ በግልጽ ልመልስልሽ። ለመጀመሪያ ቀን መልክ ትልቅ ቦታ አለው፣ ይህን መካድ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመውን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እነሆ፦ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የዳንስ ምሽት ተዘጋጀ። 376 ጥንዶች ኮምፒውተር አጣመራችሁ ተባሉ፤ እውነቱ ግን በዕጣ ነበር። ብልህነትም፣ ጠባይም፣ ውጤትም ተለካ። በዚያች ምሽት «ደግሜ ላገኛት፣ ላገኘው እፈልጋለሁ» ማለታቸውን የወሰነው መልክ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ግን አንድ ምሽት ነበር። ሙዚቃ፣ ግርግር፣ ጥቂት ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት 167 ጥንዶችን ወስዶ ከመጠናናታቸው በፊት ምን ያህል ጊዜ እንደሚተዋወቁ ጠየቀ። ቶሎ የተጣመሩት በመልክ እኩያሞች ሆነው ተገኙ። ቀድሞ ጓደኛ የነበሩት፣ ወራት ቆይተው የተጣመሩት ግን በመልክ ብዙም አይመሳሰሉም፤ እርስ በርስ ያዩት ሌላ ነገር ነበረና። ስለዚህ ያንቺ ቦታ የአንድ ምሽት ድግስ አይደለም። ሰው ደጋግሞ የሚያይሽ ቦታ ነው፦ ሥራ ቦታ፣ ማኅበር፣ መዘምራን፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ፣ ኮርስ። በሰርግ ላይ ማንም ያላያት ሴት በስድስተኛው ወር ስብሰባ ላይ «ዛሬ የለችም እንዴ?» ስትባል ሰምቻለሁ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ስመለስ አውቶቡሳችን ዓባይ በረሃ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው። እግዚአብሔር ረድቶን ዳገት ይዞ ቆመ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ እጄን ጨብጣኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልጠፋችም። ስልኳ አለኝ። ይህ ፍቅር ነው ወይስ ድንጋጤ?

መልስ፦ እንኳን ተረፋችሁ! ጥያቄህ ራሱ የተጠና ነው። በካናዳ ካፒላኖ በሚባል ሸለቆ ላይ 70 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሲረግጡት የሚወዛወዝ የገመድ ድልድይ አለ። ዶናልድ ደተንና አርተር አሮን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዲት ሴት ወንዶችን ድልድዩ ላይ አስቁማ ጠየቀቻቸው፤ ስልኳንም ሰጠቻቸው። ስልኩን ከተቀበሉት 18 ሰዎች 9ኙ ደወሉ። ዝቅ ባለውና በማይነቃነቀው ድልድይ ላይ ከተቀበሉት 16 ሰዎች የደወሉት 2 ብቻ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ያሉት፣ ልብ በፍርሃት ሲመታ ሰውየው «ያቺ ልጅ ናት ያስመታችው» ብሎ ይተረጉመዋል ነው።

ስለዚህ በከፊል ድንጋጤው ነው። ከፊሉን አላውቅም፣ አንተም ገና አታውቀውም። ደውልላትና ቡና ጠጡ፤ ጸጥ ባለ ቦታ፣ በቀን። ስለ አውቶቡሱ ማውራት ሲያልቅ ሌላ የምታወሩት ካለ መልሱን ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሲናደድ አይጮህም፣ አይሳደብም፤ ያኮርፋል። አንዳንዴ አራት ቀን። ምግብ አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ ይነሳል። እናቴ «አይመታሽ፣ አይሰድብሽ፣ ምን ጎደለብሽ?» ትለኛለች። እኔ ግን ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

መልስ፦ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ግማሹ ኩርፊያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆይ።

ጆን ጎትማንና ሮበርት ሌቨንሰን ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ በካሜራ እየቀረጹ፣ የልብ ምታቸውን እየለኩ፣ ከዓመታት በኋላ ማን እንደተፋታ አጣርተዋል። ትዳር ይጎዳሉ ያሏቸው አራት ነገሮች አሉ፦ ጥፋቱን ትቶ ሰውየውን መንቀፍ፣ ንቀት፣ «እኔ ምን አደረግሁ» እያሉ ማላከክ፣ አራተኛው ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መዘጋት ነው። አራተኛው ያንቺ ቤት ነው። ሁሉን የሚብሰው ግን ንቀቱ ነው። «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ!» ብሎ ፊትን ማዞር ከአንድ ሰዓት ጩኸት ይልቅ ያቆስላል።

ዝም የሚል ሰው ሁሉ ግን እየቀጣ አይደለም። አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ፊቴ ተቀምጠው ሚስቲቱ ስትናገር እሱ ግድግዳውን ያያል። አቋረጥኳትና ሌባ ጣቱን አንጓው ላይ አድርጎ የልብ ምቱን እንዲቆጥር ጠየቅሁት። አንድ ደቂቃ በሰዓት ያዝን። 112 ሆነ። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፣ ደረጃ አልወጣም። ሚስቱ ፊቱን አየችውና «እኔ እኮ ግድ የሌለህ መስሎኝ ነው» አለችው። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ምቱ ከመቶ ያለፈ ሰው መስማትም፣ ማሰብም ይከብደዋል። ለመብረድ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል።

ሃያ ደቂቃ ነው እንግዲህ፣ አራት ቀን አይደለም። ለባለቤትሽ ስትረጋጉ ይህን ሐሳብ አቅርቢለት፦ ሲናደድ ዝም ይበል፣ ግን መመለሻውን ይናገር። «አሁን አልችልም፣ ልጆቹ ሲተኙ እናወራለን» ይበልሽ። ልጆቹ ሲተኙም ይምጣ። የሚጎዳሽ ዝምታው ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚያበቃ አለማወቅሽ ነው። አንቺ በበኩልሽ ከኋላው እየተከተልሽ «ተናገር እንጂ!» አትበዪው፤ ያኔ ምቱ ይብስበታል። ሐሳቡን ሰምቶም አራት ቀኑን ሆን ብሎ የሚደግመው ከሆነ፣ ያ ቅጣት ነው፤ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ወይም አማካሪ ይግባበት።

ይህቺም አትረሳ። ጎትማን አዲስ ተጋቢዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ሲያያቸው፣ አብረው የቆዩት አንዱ ትንሽ ነገር ሲያነሳ ሌላው 86 በመቶ ጊዜ ምላሽ ይሰጥ ነበር፤ የተፋቱት ግን 33 በመቶ። ትንሽ ነገር ስል በእውነት ትንሽ ነው፦ እሱ በመስኮት እያየ «ዝናቡ ሊመጣ ነው መሰለኝ» ሲል አንቺ ከሽንኩርቱ ቀና ብለሽ «ልብሱን ላስገባ እንዴ?» ማለትሽ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ሦስት ዓመቴ ነው። ባለቤቴና ልጄ ደሴ ናቸው። በኢሞ እናወራለን፣ ደህና ነን። ግን ስመለስ የማላውቀው ሰው እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትሽ ቦታው ነው፣ አስቀድመሽ ማሰብሽ ደግሞ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ተራርቀው የሚኖሩ ጥንዶች አብረው ከሚኖሩት ያላነሰ፣ አንዳንዴም የበለጠ መቀራረብ እንደሚሰማቸው አሳይቷል፤ ያለቻቸውን ጊዜ ውስጣቸውን ስለሚነጋገሩባት ነው። ግን እነዚያ ስልካቸው በእጃቸው ያለ ሰዎች ናቸው። አንቺ ማዳም ስትተኛ በሹክሹክታ ነው የምታወሪው፤ ልዩነቱን አውቃለሁ።

አደጋው ሌላ ነው። በርቀት ሰው የሚወደውን ሰው ያሳምረዋል፤ ጎዶሎውን አያይማ። በአሜሪካ በተማሪ ፍቅረኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ተራርቀው ቆይተው አንድ ቦታ ከተገናኙት ሲሶ ያህሉ በሦስት ወር ውስጥ እንደተለያዩ አግኝቷል። እናንተ ትዳርና ልጅ አላችሁ፣ ቁጥሩን በቀጥታ አትውሰጂው። ምክንያቱ ግን ያው ነው፦ የጠበቁት ሰውና በር የከፈተላቸው ሰው አንድ አልሆነም።

ስለዚህ ስታወሩ «ብሩ ደረሰህ?» «ደህና ነን» ብቻ አይሁን። ምን እንዳበሳጨው፣ ልጁ ምን ብሎ እንዳሳቀው፣ አንቺ ዛሬ ምን አብስለሽ እንደተቃጠለብሽ ይነገር። ካሜራውን ቤቱ ውስጥ ያዙረው፤ የተሰነጠቀውንም ግድግዳ እይው። ስትመለሺ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደ መጠናኛ ቁጠሯቸው። ገንዘቡን ማን ያዛል፣ ልጁን ማን ይቆጣል የሚለውን ከመምጣትሽ በፊት አንሱት፤ የሚያጣላው ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ወላጆቼ በሽማግሌ ሊያጋቡኝ ነው። ሳይዋደዱ ተጋብቶ ፍቅር ይመጣል?

መልስ፦ ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1982 በሕንድ ጃይፑር በ50 ጥንዶች ላይ የታተመ ጥናት፣ በወላጅ ምርጫ የተጋቡት ፍቅር ከዓመታት በኋላ በፍቅር ከተጋቡት በልጦ አገኘው። ጥናቱ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በሚኖሩ ሕንዶች ላይ የተሠራው ደግሞ ልዩነት አላገኘም። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ መነሻው ብቻውን አይወስንም የሚለውን ነው። ግን ወሳኟ አንቺ ነሽ፤ «እምቢ» ማለት የማትችዪበት ከሆነ የጠየቅሽኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ሰውየውን ደጋግመሽ አግኚው፣ ሐሳብሽን ስትቃወሚው ምን እንደሚሆንም እዪ።

ጥያቄ፦ ስለሚቀናብኝ ነው የሚመታኝ። ይለምነኛል፣ ያለቅሳል። አምስት ዓመት አብረን ኖረናል፣ ልጅ አለን። ለምን መውጣት አቃተኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያቃተሽ ደካማ ስለሆንሽ አይደለም። ካሪል ረስበልት የተባለች ተመራማሪ ሰው የሚቆየው ስለተደሰተ ብቻ አለመሆኑን አሳይታለች፤ ያፈሰሰው ዓመት፣ ልጅ፣ ቤት፣ ሌላ መሄጃ ማጣት ያስሩታል። እ.ኤ.አ. በ1995 መጠለያ በገቡ ሴቶች ላይም ይህንኑ አግኝታለች። ቅናት ዱላን ፍቅር አያደርገውም። ዛሬ ለአንድ የምታምኛት ሰው ንገሪ። መታወቂያሽንና የልጅሽን የልደት ወረቀት ከቤት ውጭ አስቀምጪ። ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አለ፤ የሴቶች መጠለያም አለ። ለብቻሽ ጻፊልኝ፣ አብረን እናስባለን።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ 71 ዓመቴ ነው። ከባለቤቴ ጋር 44 ዓመት ኖረናል። ታማለች፣ ሆስፒታል ትመላለሳለች። ገንዘቡን ልጆች ይከፍላሉ። እኔ ምን ላድርግላት?

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎት። ጄምስ ኮን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት 16 ያገቡ ሴቶችን የአንጎል ምርመራ መሣሪያ ውስጥ አስተኝቶ «ኤሌክትሪክ ሊነካሽ ይችላል» አላቸው። ለብቻቸው ሲሆኑ አንጎላቸው በሥጋት ታወከ። የማያውቁት ሰው እጃቸውን ሲይዝ ትንሽ ቀለለ። ባላቸው ሲይዛቸው ይበልጥ ረገበ፤ በትዳራቸው ይበልጥ በሰመሩት ደግሞ ከሁሉም በላይ። እነዚያ ጤነኞች ነበሩ፣ እጅ መያዝ በሽታ ያድናል አልልዎትም። ግን አብረው ይሂዱ። ልጆቹ መኪና ያቁሙ፣ ካርድ ያውጡ። እርስዎ ከአልጋው ጎን ወንበር ይሳቡና ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ እጇን ይያዟት።