የሩዝ ጭዴን ለከሰል ማደባለቂያ ልሽጠው?

ጥያቄ፦ ፎገራ ነው የምኖረው። ህንድ አገር የሩዝ ጭድ ከድንጋይ ከሰል ጋር እያቃጠሉ መብራት እንደሚያመነጩ ልጄ በስልኩ አሳየኝ። አሁን አንድ ነጋዴ «ጭድህን በሙሉ ልግዛህ፣ ለፋብሪካ ማገዶ ይፈለጋል» ይለኛል። ጥማድ በሬና ሁለት ላም አለኝ። ልሽጥለት?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ ያሳየዎት እውነት ነው። ፑንጃብና ሃሪያና በሚባሉት የህንድ ግዛቶች ሩዝ ታጭዶ ስንዴ እስኪዘራ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ብዙው ገበሬ ጭዱን እዚያው ማሳው ላይ ይለኩሰዋል። ጢሱ ዴልሂ ድረስ ይደርሳል። መንግሥት ታዲያ የከሰል ማመንጫዎች ከሚያነዱት 5 በመቶው ከሰብል ተረፈ ምርት የተሠራ እንክብል እንዲሆን ወሰነ።

ጭዱ ግን እንዳለ አይገባም። የከሰሉ ወፍጮ የተሠራው ለድንጋይ ነው፤ ጥሬ ጭድ ይጠመጠምበታል። ስለዚህ ተፈጭቶ እንክብል ይደረጋል፣ አንዳንዴም ይቆላል። አዎ፣ ይቆላል! እንደ ቡና ያስቡት። ጥሬ ቡና ቢወቅጡ ዘነዘናው ይነጥራል፤ ሲቆላ ግን ድቅቅ ይላል። ጭዱም አየር በሌለበት ምድጃ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሲሞቅ ይጠቁራል፣ ይሰባበራል፣ ውሃም እንደ ድሮው አይመጥም። ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ ሲያጣ ከሙቀት ጉልበቱ የሚጎድለው 10 በመቶ ያህል ነው።

ወደ እርስዎ ልምጣ። የእኛ መብራት በአብዛኛው ከውሃ ነው የሚመጣው። ከሰል የሚያነዱት ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ናቸው። ነጋዴው ለእነሱ ሊያቀርብ ቢያስብ እንኳ፣ ያልታሰረ ጭድ መኪናውን ይሞላል እንጂ አይመዝንም። የመኪናው ኪራይ ከእርስዎ ዋጋ ላይ ነው የሚቀነሰው።

እኔ ብሆን ደህናውን ጭድ አልሸጥም። በሬዎቹ በበጋ ምን ሊበሉ ነው? ሚያዝያ ላይ መልሰው ልግዛ ቢሉ ዋጋውን እርስዎም ያውቁታል። ደግሞም አንድ ቶን የሩዝ ጭድ 15 ኪሎ ገደማ ፖታሲየም፣ ሰብሉ የሚፈልገውን የአፈር ምግብ፣ ከማሳዎ ይዞ ይወጣል። ከብቱ ከበላው በፍግ ይመለሳል፤ ኩበት ካልጠፈጠፋችሁት ማለቴ ነው።

ለነጋዴው ይልቅ ገለፈቱን ያሳዩት፤ መፈልፈያው ጓሮ ተራራ የሚያህለውን። ከ100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ 20 ኪሎ ያህሉ ገለፈት ነው። ለከብት አይረባም፤ ሲሊካ፣ አሸዋ ውስጥ ያለው ማዕድን፣ ይበዛበታል። ለምድጃ ግን ደቃቅና ደረቅ ነው። አመዱ ብዙ መሆኑን፣ ከአምስት እጅ አንዱን እንደሚያህል፣ ገዢው ይወቀው። ከመፈልፈያው ባለቤት ጋር ተስማምታችሁ በሚዛን ሽጡ። በጆንያ ልቁጠር ካለ ረግጦ ነው የሚሞላው።

ከጭዱም የሚሰጡት አለ፦ ሜዳ ላይ ዝናብ የደበደበው፣ ከብቱ አሽትቶ የሚተወው። ለማገዶ እንዲያውም እሱ ይሻላል። በጭድ ውስጥ ያለው ፖታሲየምና ክሎሪን ነው አመዱን አቅልጦ ምድጃው ላይ የሚያጣብቀው፣ ብረቱንም የሚበላው። ዝናብ ደግሞ ሁለቱንም ያጥባቸዋል። ብቻ ከመሸጥዎ በፊት በደንብ ያድርቁት፤ እርጥብ ከተከመረ ይሻግታል።