ስለ ግብፅ ሬዲዮና ፊልም ጠይቁኝ

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። አደራ፣ «አረቦች» እያላችሁ በጅምላ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ግብፆችን አንድ ያደረጋቸው ጋዜጣ ነው ሬዲዮ?

መልስ፦ ሬዲዮ ነዋ! ጋዜጣ ፊደል ለቆጠረ ነው፣ ያኔ ደግሞ አብዛኛው ሰው አልቆጠረም። የመንግሥት ሬዲዮ በ1934 ሲጀምር ገበሬውም ባለማዕረጉ ፓሻም እኩል ሰሚ ሆኑ። ዘፋኟን ኡም ኩልሱምን ውሰዱ። የአባይ ዴልታ ገጠር ልጅ ነበረች። ያኔ በየወሩ የመጀመሪያው ሐሙስ ማታ ስትዘፍን በቀጥታ ይተላለፋል፣ ቡና ቤቱ ጢም ይላል። አንዱ ዘፈን ብቻ ሰዓት ያልፋል። አዳራሹ «ድገሚው!» ብሎ ሲጮህ ትደግመዋለች፣ ሬዲዮኑን ከብቦ የተቀመጠውም አብሮ «አላህ!» ይላል።

ጥያቄ፦ የአረቦች ሚዲያ ዘመናዊ ነው ወይስ ሃይማኖተኛ?

መልስ፦ የትኞቹ አረቦች? ከላይ ምን አልኩ?

ጥያቄ፦ ፊልሙስ?

መልስ፦ ስቱዲዮ ምስር የሚባለውን የፊልም ማምረቻ በ1935 ያቋቋመው ባንክ ምስር ነው፤ «ምስር» በአረብኛ ግብፅ ማለት ነው። መሀላ ከተማ ላይ የጨርቅ ፋብሪካ የከፈተው ያው ባንክ። የአገር ጨርቅና የአገር ፊልም ከአንድ ካዝና ወጡ ማለት ነው። የካይሮ አነጋገርም በፊልሙ ተጭኖ ድንበር ተሻገረ።

የቤይሩቷ፦ እውነቱን ነው! ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ አረብኛ የለመድኩት ከግብፅ ድራማ ነው። ማዳምን «ኢዘይክ» ብዬ ሰላም ስላት በሳቅ ሞተች። እዚያ «ኪፊክ» ነው የሚባለው። ግን ገብቷታል።

የኩዌቱ፦ እኔ ኩዌት የሠራሁበት ቤት የኩዌት ድራማ ነበር የሚከፈተው። ግብፅ ግብፅ አታብዙ።

የቤይሩቷ፦ አንተ ሹፌር ነበርክ፣ ሳሎን መቼ ገባህና!

ሌላ ሰው፦ ደሞዝ ግን የቱ ጋ ይሻላል?

መልስ፦ የደሞዙን ሌላ ቦታ ተጨቃጨቁ። የኩዌቱ ልክ ነህ፣ ኩዌቶች የራሳቸው ጠንካራ ድራማ አላቸው። ለዚህ እኮ ነው በጅምላ አትጠይቁኝ የምለው።

ጥያቄ፦ የቱርክ ድራማስ?

መልስ፦ አላይም።

ጥያቄ፦ የግብፁ መሪ ናስርስ በሬዲዮ ምን ሠራ?

መልስ፦ «የአረቦች ድምፅ» የተባለው ጣቢያው በ1953 ተከፈተ። እስከዚያ ግብፃዊ ነኝ ሲል የኖረውን ሰው «አረብም ነህ» እያለ ከጠዋት እስከ ማታ ነገረው፣ ከየመን እስከ አልጄሪያም ተሰማ። ከእስራኤል ጋር በተደረገው የ1967 ጦርነት ግን ይኸው ጣቢያ የጠላት አውሮፕላን ጣልን እያለ ሲፎክር፣ የግብፅ አየር ኃይል መሬት ላይ እንዳለ ነዶ ነበር። ሰዉ ጉዱን ሲሰማ ጣቢያውን ማመን ተወ። ኡም ኩልሱምን ግን አልተዋትም፤ በዚያው ዓመት ፓሪስ ድረስ ሄዳ ዘፍና ገንዘቡን ለአገሯ ሰጠች።

ጥያቄ፦ አረቦች ግን ለምን ሙዚቃ ይወዳሉ?

መልስ፦ በቃ፣ ለዛሬ ዘጋሁ።